የአባት ጠረጴዛ ለሙሽራ ቤት ያሳፍራልን?

 

ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱን ለዛሬው ዝግጅታችን መርጠናል። የተላከው ከቡሬ ከተማ ነው። ጸሐፊው በልብስ ስፌት የሚተዳደር ወጣት ወንድማችን ሲሆን በመጪው የሸዋል ወር ኒካሕ ለማሰር ቀጠሮ ይዟል። ደብዳቤው ረዥም ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን የሚከተለው ነው። ሟቹ አባቱ (አላህ ይዘንላቸው) ከ40 ዓመት በፊት ፍኖተ ሰላም ከሚገኝ አናጢ ዘንድ ያሠሩት የዋንዛ ጠረጴዛ አለው። ላዩ በጀበናና በብርጭቆ ክብ ክብ እየሆነ ጠቁሯል፤ አንዱ ማዕዘን ተሰንጥቋል፤ እግሮቹ ግን ዛሬም አይነቃነቁም። ወጣቱ ይህን ጠረጴዛ ይዞ ወደ አዲሱ ቤቱ ለመግባት አስቧል። የሙሽራይቱ እናት በዚህ አልተስማሙም። ልጃቸው በአሮጌ ዕቃ ቤት እንድትጀምር አይፈልጉም፤ ሙሉ ሶፋ፣ ቡፌና ባለመስታወት ጠረጴዛ ከአዲስ አበባ ይምጣ ብለዋል። የዚህ ሁሉ ዋጋ ወጣቱ ዓመቱን ሙሉ ሰፍቶ ከሚያገኘው ይበልጣል። ወይ መበደር ነው፣ ወይ ቀኑን ማራዘም ነው።

በዚህ መሐል ስዊድን አገር የሚኖሩ አክስቱ የሳሎናቸውን ፎቶግራፍ ይልኩለታል። ከሶፋው ፊት ለፊት አንድ ዝቅ ያለ የእንጨት ጠረጴዛ አለ፤ በላዩ ቡናማና ሰማያዊ ሴራሚክ ተነጥፎበታል፤ ጀበናው እሴራሚኩ ላይ ተቀምጧል። አክስቱ ጠረጴዛውን የገዙት ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሲሆን፣ ሌላ ሰው እንዳይቀድማቸው በጠዋት ተነሥተው እንደ ሄዱም ጽፈውለታል። ወንድማችንም ግራ ተጋብቶ፦ «እነዚያ ባለጠጎች አሮጌ ጠረጴዛ ሲሻሙ እኛ የምናፍርበት ምክንያት ምንድን ነው?» ሲል ይጠይቀናል።

አሮጌ ዕቃ አያሳፍርም ብሎ ማለፍ ለእኛ ቀላል ነበር። ነገር ግን አማቱን አያሳምንም፤ ለእርሱም አይበጀውም። ስለዚህ በመጀመሪያ አክስቱ የገዙት ጠረጴዛ ምን ዓይነት እንደ ሆነ እንመልከት፤ ከዚያም ወደ ዋንዛው እንመለሳለን።

ፎቶግራፉን ከደብዳቤው ጋር ልኮልን አይተነዋል። እንጨቱ እንደ ማር የቀላ፣ ቅርንጫፍ የወጣበት ክብ ክብ ምልክት የበዛበት ነው። ፓይን ይባላል። እኛ ጥድ ከምንለው ከሀበሻ ጥድ ጋር እንዳይምታታብን፤ በመልኩም በልስላሴውም ይበልጥ የሚቀርበው የፈረንጅ ጥድ የምንለውን ነው። ፓይን በስዊድን፣ በፊንላንድና በኖርዌይ ደኖች ውስጥ እንደ ልብ የሚገኝ ዛፍ ነው። እንደ ልብ በመገኘቱም ለረዥም ዘመን የድሃ እንጨት ተብሎ ተንቆ ኖሯል። ባለጠጋው ማሆጋኒ የተባለውን ውድ እንጨት ከሩቅ አገር ሲያስመጣ፣ ገበሬው ከአካባቢው ፓይን ቆርጦ አልጋና አግዳሚ ይሠራ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም ውድ እንጨት እንዲመስልለት ቀለም ይቀባው ነበር። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ነገር የእኛ አገር ብቻ አለመሆኑን ልብ በሉ።

አስተሳሰቡ የተለወጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ስቶክሆልም ውስጥ በተካሄደ ትልቅ ኤግዚቢሽን የስዊድን አርክቴክቶች ቤትና የቤት ዕቃ ለታይታ ሳይሆን ለአገልግሎት መሠራት እንዳለበት ለሕዝብ አሳዩ። ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ ከባለቤቱ ከአይኖና ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1935 አርቴክ የተሰኘውን ድርጅት አቋቋሙ፤ በአገራቸው ሞልቶ ከተረፈው በርች ከተባለ እንጨትም ወንበርና ጠረጴዛ እየሠሩ ማቅረብ ጀመሩ። አልቶ እ.ኤ.አ. በ1937 ካወጣቸው ዕቃዎች አንዱ በመንኮራኩር የሚገፋ የሻይ ጠረጴዛ ሲሆን ላዩ በሴራሚክ የተነጠፈ ነው። (የምዕራብ ጎጃም ገጠር ፊንላንዶችን የሚያውቃቸው በጠረጴዛ ሳይሆን በውኃ ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው የገጠር ውኃ ፕሮግራም የተሠሩትን የእጅ ፓምፖች ያስታውሷል።)

ከሁሉ ይልቅ እኛን የማረከን የዴንማርኮች ታሪክ ነው። የአገሪቱ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1942፣ በጦርነቱ መሐል፣ የራሳቸውን የቤት ዕቃ ሥራ ጀመሩ። ሥራውን እንዲመራ የተሾመው ቦርጌ ሞገንሰን የተባለ፣ ራሱ በአናጢነት የሠለጠነ ወጣት ነበር። የተሰጠው ኃላፊነት ለተራ ቤተሰብ አቅም የሚስማማ፣ በትንሽ ቤት ውስጥ የሚበቃና ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዕቃ ማውጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ያወጣው ቀላል የእንጨት ወንበር እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል። ቀጥሎ ደግሞ ኢኬያ የሚባለው የስዊድን ድርጅት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1943 አንድ የ17 ዓመት ወጣት ያቋቋመው ይህ ድርጅት ከ1956 ጀምሮ ጠረጴዛውን እግሩን ነቅሎ፣ በካርቶን አሽጎ፣ ገዢው ራሱ እቤቱ እንዲገጥመው እያደረገ ዋጋውን ቀነሰ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹም የፓይን ዕቃ በየቤቱ ገባ። የአክስቱ ጠረጴዛ የዚያ ዘመን ሥራ ይመስላል።

ሴራሚኩስ ለምን መጣ? አንዱ ምክንያት ቡና ሳይሆን አይቀርም። ፓይን ለስላሳ እንጨት በመሆኑ በጥፍር ይጫራል፤ ትኩስ ጀበና ወይም እርጥብ ብርጭቆ ሲቀመጥበት ያ የምናውቀው ክብ ጠባሳ ይቀርበታል። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ደግሞ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከዓለም ቡና ጠጪዎች ግንባር ቀደሞቹ ናቸው፤ በተለይ ፊንላንዶችን የሚወዳደራቸው የለም። ስለዚህ የጠረጴዛውን ዙሪያ እንጨት፣ መሐሉን ሴራሚክ አደረጉት። ፍሬው ከእኛ አገር የወጣ መጠጥ የእነርሱን ጠረጴዛ መልክ ለወጠው ማለት ነው።

ሴራሚኩም ቢሆን ታሪኩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በቀለም የተነከረ፣ በእሳት የተጠበሰ የግድግዳ ንጣፍ በሙስሊሙ ዓለም ትልቅ ጥበብ ነበር። ፋርሶች ንጣፉን «ካሺ» የሚሉት ካሻን በተባለችው ከተማቸው ስም ነው። የቱርኳ ኢዝኒክ መስጊዶችን ያለበሰ ሴራሚክ አምርታለች፤ በቁድስ የሚገኘው የቁብበቱ ሰኽራ የውጭ ግድግዳም በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሱልጣን ሱለይማን ትእዛዝ በሴራሚክ ተለብጧል። ጥበቡ ወደ አውሮፓ ከገባባቸው በሮች አንዱ የሙስሊሞች አንዳሉስ ነበረች። ስፔኖችና ፖርቹጋሎች ዛሬም የግድግዳ ሴራሚክን የሚጠሩበት ቃል «አዙሌሆ» እና «አዙሌዡ» ከዐረብኛው «አዝ-ዙለይጅ» የመጣ ነው።

እንግዲህ የወንድማችን ጥያቄ ላይ ደረስን። እነዚያ ሰዎች አሮጌውን ለምን ይሻማሉ? እዚህ ላይ አንድ ያልተነገረው ነገር አለ፤ እነርሱም አፍረውበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የፓይን ዕቃ ጊዜ ያለፈበት ተባለ። ባለሴራሚኩ ጠረጴዛ ወደ ምድር ቤት ወረደ፤ ብዙው በነፃ ተሰጠ፤ ብዙውም ተጣለ። ዓመታት አልፈው ልጆችና የልጅ ልጆች ሲፈልጉት የተገኘው ጠንካራው ብቻ ነበር። የተረፈውን ያተረፈው ዝናው አይደለም፤ እንጨቱ ድፍን መሆኑ፣ መገጣጠሚያው በሴትና ወንድ የተያያዘ መሆኑ፣ አንድ ሴራሚክ ቢሰበር አውጥቶ ሌላ መተካት መቻሉ ነው። ስለዚህ ወንድማችን፣ ለአማትህ ፈረንጆቹ አሮጌ ይወዳሉ ብለህ አትከራከር፤ ክርክሩ አያዋጣህም። ፈረንጅም እንደ እኛው በጎረቤት ዓይን የሚኖር ሰው ነው።

ለአማትህ ሥጋትም ክብር ልንሰጠው ይገባል። በጎጃም የሙስሊሙ ቤተሰብ በቀድሞው የርስት ሥርዓት ከመሬት ባለቤትነት በአብዛኛው ርቆ፣ በሽመናና በንግድ ሲኖር ቆይቷል። መሬት ለሌለው ሰው ሀብት ማለት ተሸክሞት የሚሄደው ነው። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ብዙ ነገር ቢለወጥም፣ እናት ልጇን ስትድር የዕቃውን ብዛት የምትቆጥረው ከዚያ ልማድ ወርሳ ይመስለናል። ቆጠራው ለልጇ መተማመኛ ነው። እንግዲያው ጥያቄው ዕቃው አዲስ ነው ወይስ አሮጌ የሚለው መሆኑ ቀርቶ፣ የትኛው ዕቃ ለልጃቸው መተማመኛ ይሆናል ወደሚለው ይዙር።

በዚህ መለኪያ ሲታይ ከከተማ የሚጫነው ብዙው ዕቃ ምንድን ነው? ችፑድ ወይም ኤም.ዲ.ኤፍ. ነው፤ ስብርባሪና ዱቄት እንጨት በኮላ ተጨምቆ የተሠራ፣ የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት የተለበጠ። ክፉ ነው አንልም፤ በደረቅ ቤት፣ ሳይነቀል ለሚኖር ቁም ሣጥን ይሆናል። ውኃ ከነካው ግን ያብጣል፤ ካበጠም አይመለስም። አንዴ የተፈታ ብሎን ዳግመኛ አጥብቆ አይይዝም። የጎጃምን ክረምት ለምታውቁ፣ ወለሉ አፈር በሆነ ቤት የቡፌው እግር ከሰኔ እስከ መስከረም ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልገንም። ተከራይቶ የሚኖር ሙሽራ ደግሞ በሁለት ዓመት ሦስት ቤት ይቀይራል። እዳው ሳያልቅ ቡፌው ያልቃል። የኢስራፍ ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሠርጉን ድግስ ያስባል፤ እንዲህ ያለው ግዢስ?

ዋንዛው ሌላ ነገር ነው። ዋንዛ በምዕራብ ጎጃም እርሻ መሐል ገበሬው ሳይቆርጥ የሚተወው ዛፍ ነው፤ ነጭ አበባውን ንብ ይቀስመዋል፣ የሚያጣብቅ ፍሬውን እረኛ ይበላዋል። እንጨቱ ለመጋዝና ለመሮ የሚታዘዝ፣ ከደረቀ በኋላ ብዙም የማይጣመም በመሆኑ በርና መስኮት፣ ሳጥንና ጠረጴዛ ሲሠራበት ኖሯል። ዛሬ ግን እንደ ልብ አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ብሎ በስም ከጠራቸው አራት ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነው፤ ሦስቱ ኮሶ፣ ዝግባና የሀበሻ ጥድ ናቸው። ስለዚህ የአባትህን ጠረጴዛ በማገዶ ዋጋ ሸጠህ ነገ እንደዚያ ያለ ላሠራ ብትል፣ ጣውላውን የምታገኝበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ያስደነግጥሃል።

አሁን ወደ ሥራው። ምክራችን የአክስትህን ጠረጴዛ ከአባትህ ጠረጴዛ ጋር እንድታዛምድ ነው። የላክልን ልክ ርዝመቱ 110፣ ወርዱ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። 20 በ20 የሆነ የወለል ሴራሚክ በርዝመቱ 5፣ በወርዱ 3 ብትደረድር 15 ይበቃሃል። በመካከላቸው 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ስትተው ንጣፉ 100.8 በ60.4 ይሆናል። ዙሪያውን በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ትተህ ክፈፍ ብታስገባለት፣ ለእንጨት የሚቀርህ በርዝመቱ ጫፎች በየጎኑ 4.4፣ በወርዱ ጫፎች ደግሞ በየጎኑ 4.6 ሴንቲ ሜትር ነው።  15 ሴራሚክ ለማግኘት ካርቶን መግዛት የለብህም፤ ቤት ከሚያሠራ ሰው የተረፈ፣ ወይም ከሱቅ ያልተሟላ ካርቶን ይገኛል። ቀለሙ ሁለት ዓይነት ቢሆንም ግድ የለም፤ አክስትህ ቤት ያለውም ሁለት ዓይነት ነው። ሥዕል ያለበት ከሆነ ግን ቅጠል ወይም ሐረግ ይሁን፤ የእንስሳ ምስል ሳሎናችሁ ውስጥ እንዳይገባ።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለን። ሴራሚኩን በቀጥታ በዋንዛው ጣውላ ላይ እንዳትለጥፈው። ድፍን ጣውላ በክረምት ወደ ጎን ይሰፋል፣ በበጋ ይሰበሰባል፤ ሴራሚክ ግን አይንቀሳቀስም። በዓመቱ ማያያዣው ይሰነጠቅና አባትህን ታማለህ። ይልቅስ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ላይ ለጥፈው፣ ክፍተቱን በነጭ ሲሚንቶ ሙላ፤ በክፈፉና በሴራሚኩ መካከል ያለውን ዙሪያ ግን ባዶ ተወው ወይም በሚለመጥ ሲሊኮን ሙላው። ክፈፉ ከኮምፔርሳቶው ጋር እንጂ ከጠረጴዛው ጋር አይመታ። እንዲህ ሲሆን ሥራው እንደ ትሪ ይሆናል፤ በዋንዛው ላይ ይቀመጣል፣ ሲፈለግ ለሁለት ሰው ይነሣል። የአባትህ ጣውላ ከነጠባሳው ከሥር ሳይነካ ይኖራል። አንድ ቀን ልጅህ አውጥቼ ልላገው ካለ መብቱ ነው። የተሰነጠቀውን ማዕዘን በኮላ አስይዘህ አንድ ሌሊት በገመድ አጥብቀህ እሰረው፤ ሚስማር እንዳትመታበት፣ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ጀበና ምንም አይለውም፤ የከሰል ምድጃ ግን ከነፍሙ አይቀመጥበት፤ ሴራሚኩ ይፈነዳል፣ ከሥሩም ኮላው ይቃጠላል።

ለክፈፉ ሌላ ዋንዛ አትፈልግ። የፈረንጅ ጥድ ይበቃል፤ ነጣ ያለ መልኩም ከጥቁሩ ዋንዛ ጋር ያምራል። ባሕር ዛፍ ብታስብ ግን ተጠንቀቅ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ዛሬ የጎጃምን እርሻ እያጠለቀ ያለ ቢሆንም፣ ለአጣና እንጂ ለጠረጴዛ አንመካበትም፤ በችኮላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም። የትኛውም ጣውላ ቢሆን ጥላ ሥር፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት ሆኖ ተከምሮ መድረቅ አለበት። በዚህ ረገድ የአናጢዎቻችን ጥፋት ሳይሆን የደንበኞቻችን ጥፋት ይበዛል። ሠርግ ሲደርስ ሮጠን ሄደን በሁለት ሳምንት አድርስልን እንላለን፤ እርሱም ካለው እርጥብ ጣውላ ይሠራል፤ በሦስተኛው ወር መሳቢያው አልከፈት ሲል ያገር ሰው ሥራ አይረባም እንላለን። እኛም ይህን አድርገናል። ለዝግጅት ክፍላችን ያሠራነው መደርደሪያ እርጥብ እንጨት ሆኖ ሁለት ጊዜ ተጣሟል፤ ያቻኮልነው እኛው ነበርን።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ያላችሁ ወጣት አናጢዎችም ይህን ብታነቡ የዴንማርኮቹን ኅብረት ሥራ አስቡት። በበርበሬ ሽያጭ ወቅት ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ ከሩቅ የተጫነ ዕቃ ይገዛል፤ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ያም አይደርስም። ሦስት አራት ሆናችሁ ጣውላ ቀድማችሁ ገዝታችሁ ብታደርቁ፣ አንድ ዓይነት የቡና ጠረጴዛ በአንድ ልክ ብትሠሩ፣ የሚገዛ ሰው አይጠፋም። ሴራሚክ የተነጠፈበት ረከቦት እኮ በየከተማው ገበያ ታይቷል፤ ሐሳቡ ለእናቶቻችን ባዳ አይደለም።

ወንድማችን፣ ሶፋውን በተመለከተ ከአማትህ ጋር ተደራደር። ሁሉንም እምቢ አትበል። አንድ ነገር፣ አቅምህ የሚችለውን፣ በእጅህ ባለው ገንዘብ አዲስ ግዛ፤ ጥሩ ፍራሽ ቢሆን እኛ እንመርጣለን። ጠረጴዛውን ግን ከሠርጉ በፊት አሰናድተህ፣ እርሳቸውን ቤትህ ጠርተህ ቡና አፍላላቸው። ጠረጴዛው ያረጀ መሆኑን ቀድመህ አትንገራቸው፤ ከጠየቁህ ትሪውን አንሣና የአባትህን ዋንዛ አሳያቸው። ነጩ ሲሚንቶ እስኪጠነክር ቢያንስ ሦስት ቀን ሳይነካ ይቆይ፤ ሸዋል ሩቅ አይደለምና ሴራሚኩን ከአሁኑ ፈልግ። 15 ብለናል፤ አንድ ሁለት ትርፍ ያዝ፣ ሲቆረጥ ባይሰበርም ኋላ ልጆች ይሰብሩታል።